የጫማ ቤቱ ፕሮግራም ድር ላይ ሲወጣ

ሚጢጢ የሚለው ስም የወጣላት በልጅነቷ ነው። በአጎቷ ጫማ ቤት ውስጥ ከቆዳው ክምር ኋላ ስትደበቅ ማንም ፈልጎ አያገኛትም ነበር። አሁን ፀጉሯ ሸብቷል፣ ልጆቿም በቁመት በልጠዋት ሄደዋል፤ ጫማ ቤቱ ግን ዛሬም ከሚጢጢ ሌላ ስም አያውቅላትም።

ቤቱ ተራ ጫማ ቤት አይደለም። አንድ እግራቸው ከሌላው ላጠረባቸው፣ ቁርጭምጭሚታቸው ለዞረባቸው፣ ከሱቅ ገዝተው መጫማት ለማይሆንላቸው ሰዎች በልካቸው የሚሰፋበት ነው። ከመንገድ ሲገቡ መጀመሪያ የልኬት ክፍሉ አለ፤ አንድ ዝቅ ያለ ወንበር፣ እግር የሚያርፍበት ሳንቃ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ኮምፒውተር። ቀጥሎ የቆራጩ ክፍል፤ ከዚያ ወዲያ ማስቲሽ የሚሸተው የመስፊያ ክፍል። ግድግዳው ላይ የእንጨት ፎርማዎች በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰው እግር ነው።

በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም የሠሩት ሚጢጢና ታላቅ ወንድሟ ናቸው፤ ሁለቱም ገና ወጣት ሳሉ። አጎታቸው አንድ ቀን፣ "ይህን የሚያበራ ሣጥን ቀኑን ሙሉ ስትጎረጉሩ ትውላላችሁ፤ እስቲ ለቁም ነገር አውሉት" አላቸውና ተጀመረ። ታላቋ ስለሆነ ወንድምጋሼ ነበር የምትለው፤ እሷን እየሰማ የጫማ ቤቱ ሰው ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ፣ ወንድምጋሼ ይሉት ጀመር። እሷ ስትጽፍ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ዳቦ እየገመጠ "እዚያ ጋ ተሳስተሻል" ይላል። ፍርፋሪው ኪቦርዱ ውስጥ ይገባል። ይጣላሉ። አጎታቸው ከመስፊያው ክፍል ብቅ ይልና፣ "ምነው፣ ሣጥኑን ማብላት ጀመራችሁ እንዴ?" ይላል። ሰውዬው ኮምፒውተሩን እንደ እንግዳ ነበር የሚያየው። ጠዋት ሲገባ ከሰው ሁሉ በፊት "እንዴት አደርክ?" የሚለው እሱን ነው፤ መልስ ሲያጣ ደግሞ "ኩሩ ነው" ብሎ ያልፋል።

አጎት ካረፈ በኋላ ሁለቱም ከጫማ ቤቱ ወጡ። ሚጢጢ በኮምፒውተር ሥራዋ ገፋችበት፤ ዘመኑ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር አብራው ዞረች። ወንድምጋሼ ግን አልዞረም። "እኔ የማውቀው ማሽን በእጅ የሚዳሰሰውን ነው" ብሎ ሌላ ከተማ ሄደና የቢስክሌት ጥገና ከፈተ። አልተጣሉም። ብቻ በመጀመሪያ በየሳምንቱ የነበረው ስልክ በየወሩ ሆነ፣ ከዚያም ሠርግ ወይ ሐዘን ሲኖር ብቻ። ፕሮግራሙ ግን ማንም ሳይነካው እዚያ ጥግ ላይ ሲሠራ ኖረ።

አሁን ጫማ ቤቱን የምትመራው የአጎታቸው ልጅ ናት። ሚጢጢን አስጠርታ ሻይ አዘዘችላትና ነገሩን ነገረቻት። ወንድምጋሼ ባለበት ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፈት ነው። የዚያ አገር ሰው የታመመ እግሩን ይዞ ለልኬት ብቻ ይህን ሁሉ መንገድ እየመጣ ነው።

"ልኬቱ እዚያ ይለካ፣ ቆዳው እዚህ ይቆረጥ" አለች የአጎት ልጅ። "ለዚህ ደግሞ ፕሮግራሙ ድር ላይ መውጣት አለበት።"

ወንበሯ ላይ ሆና የምትሰማው እትዬ ለኪ ነበረች። ከአጎት ጊዜ ጀምሮ እግር የምትለካው እሷ ናት፤ ስሟም ከሥራዋ የመጣ ነው።

"ድር ላይ?" አለች ሜትሩን አንገቷ ላይ እያስተካከለች። "በዚህ ዕድሜዬ ሸረሪት ልሆን ነው?"

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም እትዬ?" አለቻት የአጎት ልጅ።

"ሰምቻለሁ። አንበሳ ግን ጫማ አያሰፋም።"

ሚጢጢ እየሳቀች ሥራውን ተቀበለች። ቀላል መስሏት ነበር።

የመጀመሪያው ችግር ፊደሉ ሆነ። የድሮውን መረጃ በሙሉ ቀድታ አዲሱ ገጽ ላይ ስትከፍተው፣ ስክሪኑ ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት ወረቀት መሰለ። ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ጥያቄ ምልክት፣ የባዕድ ፊደል። ምክንያቱ ወዲያው ገባት። ያኔ ኮምፒውተሮች የእኛን ፊደል አያውቁም ነበር። ወንድምጋሼ ነው አንድ በአንድ ስሎ ማሽኑ ውስጥ ያስገባቸው። ቦታ ስላልነበራቸውም እያንዳንዱን በሌላ ፊደል ወንበር ላይ አስቀመጠው። በዚያ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ "ሀ" ሆኖ የሚነበበው ነገር፣ ሌላ ማሽን ሲያየው ወንበሩን ብቻ ነው የሚያየው፤ የተቀመጠበትን አያውቀውም።

ብቻዋን ልትወጣው ትችል ነበር። የድሮውን ማሽን ከፍቶ፣ ከጎን አዲሱን አድርጎ፣ ይህ ያ ነው እያሉ ማዛመድ ነው፤ የትዕግሥት ሥራ እንጂ የጥበብ አይደለም። እሷ ግን ስልኳን አነሣች።

"ማን ሞተ?" አለ ወንድምጋሼ።

"ማንም አልሞተም ወንድምጋሼ። ፊደሎችህ ወንበር አጥተው ነው።"

ከኋላው የቢስክሌት ደወል ይሰማል።

"ያ ፕሮግራም እስካሁን አለ?"

"ቆሞ ይሄዳል።"

"እኔ እኮ አሁን የማውቀው ሰንሰለትና ፍሬን ነው፣ ሚጢጢ። ያንን ነገር ረስቼዋለሁ።"

"እንግዲያው ና አስታውስ።"

በማግሥቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደረሰ። ጢሙን ተላጭቷል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ የጥፍሩ ዳር ግን በቅባት እንደጠቆረ ነው። የአጎት ልጅ አቀፈችው። እትዬ ለኪ ፊቱን ሳይሆን መጀመሪያ እግሩን አየችና፣ "ቀኝ ጫማህ ከውጭ በኩል ያለቀው ያን ፔዳል እየረገጥክ ነው" አለችው። ከዚያ ሁለት ጉንጮቹን ሳመችው።

አዲሱ ስክሪን ፊት ተቀመጠ። ሚጢጢ የፊደል ማዛመጃ ልታሳየው ስትል እጁን አነሣና አስቆማት። በዚያ የጉንዳን መንገድ ላይ ዓይኑን ተክሎ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

"ልጅቱ... ቀይ ካልሆነ... አላደርግም ብላለች።"

"ምን አልክ?"

"እዚህ ጋ፣ ማስታወሻው ላይ። 'ልጅቱ ቀይ ካልሆነ አላደርግም ብላለች፤ አባትየው ጥቁር ይሁን ብሏል፤ ቀይ ይሰፋ።' አጎት ናቸው ያስጻፉኝ።"

ሚጢጢ በሳቅ ወንበሩን ያዘች። ልጅቱን ሁለቱም አስታወሷት፤ ጫማው ሲሰጣት ሳትሰናበት በበሩ ሮጣ መውጣቷን፣ አባትየው ጥቁሩን ረስቶ እየተከተለ "ቀስ በይ!" ማለቱን። ልጅቱ ስትሮጥ ሲያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ አልመሰላቸውም። እሱ እያነበበ እሷ ትጽፋለች። አንዳንዱ ፊደል በሁለት ወንበር ተቀምጦ ይገኛል፤ እሱ ያኔ ተሳስቶ ነው፤ "ያን ቀን ጥርሴን አሞኝ ነበር" ይላል። አመሻሹ ላይ ፊደሎቹ ሁሉ ቤታቸው ገቡ፤ ገጹ ጠርቶ ተነበበ።

ችግሩ ግን አንዱ ሲሄድ ሌላውን እየጠራ ነበር። በማግሥቱ እትዬ ለኪ አዲሱን ገጽ ስትሞክር ቆይታ ጮኸች።

"ኑ እስቲ! የሰው እግር ወደ ኋላ ያድጋል እንዴ?"

ሮጠው ደረሱ። የአንድ ልጅ ልኬት በየጊዜው እየጨመረ መሄድ ሲገባው፣ በመካከሉ ያጥራል፣ ከዚያ ያድጋል፣ እንደገና ያጥራል። ወንድምጋሼ ቁጥሮቹን ቢያይ ትክክል ናቸው። ሚጢጢ ቀኖቹን ስታይ ነው ነገሩ የተገለጠው። የድሮው ማሽን ቀንን አስቀድሞ ወርን ያስከትላል፤ አሁን መረጃውን የሚይዘው ሩቁ ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ ደግሞ ወርን አስቀድሞ ነው የሚያነበው። የአንዱ ወር መጀመሪያ የሌላው ወር መካከል እየሆነ የልጁ ዕድገት ተደበላልቋል። ቀኑ የሚነበብበትን መንገድ አስተካከለችና ልጁ እንደገና ወደ ላይ ማደግ ጀመረ።

"ተመስገን" አለች እትዬ ለኪ። "እናቱ ብታይ ምን ትል ነበር።"

ከዚያ ደግሞ ኤፍ ፋይቭ መጣ። በድሮው ፕሮግራም ልኬት ተሞልቶ ሲያበቃ ኤፍ ፋይቭ ሲጫኑት ያስቀምጣል፤ እንዲያ ብለው የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ድሩን በሚከፍተው ብሮውዘር ላይ ግን ያው ቁልፍ ገጹን እንደ አዲስ ይከፍታል። እትዬ ለኪ የሁለት እግር ልኬት በሙሉ ሞላች፣ መነጽሯን አውልቃ አየችው፣ ኤፍ ፋይቭን ተጫነች። ገጹ ባዶ ሆነ። እንደገና ሞላች፤ አሁን ጠንከር አድርጋ ተጫነች። ባዶ።

"ይሄ ፕሮግራማችሁ ሌባ ነው" አለች። "በቀን ነው የሚሰርቀው።"

ሚጢጢ ከታች ያለውን አረንጓዴ ቁልፍ አሳየቻት። "ይኸውልሽ እትዬ፣ 'አስቀምጥ' የሚለው። ይሄን በማውስ ብቻ ነካ አድርጊ።"

እትዬ እሺ አለች። ቀጥላ ግን ጣቷ ሄዶ ኤፍ ፋይቭ ላይ አረፈ። ራሷም ደንግጣ ጣቷን አየችው።

ወንድምጋሼ ሚጢጢን ወደ ጎን ወሰዳት። "እሷ አይደለችም እኮ የምታውቀው፤ ጣቷ ነው። ጣት ደግሞ አይመከርም። እኔ አሁንም ቢስክሌት ስይዝ የግራ ፍሬን የምፈልገው የልጅነቴ ቢስክሌት ቀኙ ስለማይሠራ ነው።"

ሚጢጢ ትንሽ አሰበችና ገጹ ያችን ቁልፍ ብሮውዘሩ ሳይሰማት ቀድሞ እንዲይዛት፣ ሲይዛትም እንዲያስቀምጥ አደረገች። እትዬ ለኪ ተጫነች። "ተቀምጧል" የሚል ጽሑፍ መጣ። "በሉ አሁን ሰው ሆናችሁ" አለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቆራጩ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከክፍሉ ወጥቶ ሲመጣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

"ዜማው የት ሄደ?" አለ።

"የምን ዜማ?" አለች የአጎት ልጅ።

ሁለቱ ወንድምና እህት ግን ተያዩ። የድሮው ፕሮግራም ልኬት ተቀምጦ ሲያልቅ አጭር ዜማ ያሰማ ነበር፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ወደ ላይ የሚወጣ። ቆራጩ በግድግዳው አሻግሮ ይሰማትና እጁን ጠርጎ ቆዳውን ለመዘርጋት ይነሣል። ዜማዋ የእናታቸው ፉጨት ናት። ልጆች ሳሉ ሲመሽ እናታቸው ደጃፍ ላይ ቆማ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ታስገባና ታፏጫለች፤ ፉጨቷ ከየትኛውም ሜዳ ይሰማል። ጎረቤት "ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ!" ሲላት፣ "ስማቸውን ብጠራ ያልሰማሁ ይሉኛል፤ ፉጨትን ግን ማን አልሰማሁም ይላል?" ትል ነበር። ወንድምጋሼ ያችን ፉጨት ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባት ለቀልድ ነበር። እናታቸው አንድ ጊዜ ጫማ ቤቱ መጥታ ሰምታት፣ "በእኔ ነው የምታሾፉት?" ብላ በነጠላ ጫማዋ አባራቸዋለች።

ሚጢጢ ዜማዋን አዲሱ ላይም አስገብታት ነበር። በቆራጩ ክፍል ውስጥ አሁን በተቀመጠው ስክሪን ላይ ልኬቱ ሲደርስ መጮህ ነበረባት። ግን ድምፅ የለም። ስታጣራው ብሮውዘሩ ነው የዘጋው፤ ማስታወቂያ በየገጹ እየተነሣ እንዳይጮህ ሲል፣ ሰው ገጹን ነክቶት ካላወቀ ድምፅ አይለቅም። ቆራጩ ደግሞ እጁ ማስቲሽ ስለሆነ ስክሪኑን ነክቶ አያውቅም።

"እንግዲያው ጠዋት ጠዋት፣ እጅህ ሳይቆሽሽ፣ አንድ ጊዜ ትነካዋለህ" አለችው፤ 'ሥራ ጀምሬያለሁ' የሚል ትልቅ ቁልፍም ሠራችለት።

ቆራጩ በአውራ ጣቱ ነካው። እትዬ ለኪ ከወዲያ ክፍል የሙከራ ልኬት ላከች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ወንድምጋሼ ወደ ጓሮ ወጣ። ሚጢጢ ተከተለችው። የቆዳ ቁርጥራጭ በሚጠራቀምበት በርሜል አጠገብ ቆሞ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ያያል።

"እራት ደርሷል ያለችን መሰለኝ" አለ።

"እኔም እጄን ልታጠብ ነበር" አለች።

እዚያው ቆመው ብዙ አወሩ። እናታቸው ስታርፍ እንኳ እንዲህ አላወሩም ነበር፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር።

ቅርንጫፉ ተከፈተ፤ ሚጢጢም ለመክፈቻው መጥታ ነበር። አንድ ክፍል ናት፤ በወንድምጋሼ ሱቅ ትይዩ፣ መንገዱን ተሻግሮ። አዲስ ሳንቃ፣ አዲስ ወንበር፣ ልኬት ከእትዬ ለኪ የተማረች አንዲት ሴት። የመጀመሪያዋ ደንበኛ አስተማሪ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምታስተምር አንድ እግሯ አጭር በመሆኑ ወገቧን ያማታል። ልኬቱ ተወሰደ፣ ሁሉም ተሞላ፣ ቁልፉ ተጫነ። በዚያች ቅጽበት መስመሩ ተቋረጠ። ገጹ ነጭ ሆነ፤ የተሞላው ሁሉ አብሮት ሄደ።

"ምንም አይደል" አለች አስተማሪዋ፣ ካልሲዋን እንደገና እያወለቀች። "እኔም ተማሪዎቼን አንድ ነገር ደጋግሜ ነው የማስተምረው።" ግን ሚጢጢ አፈረች። በድሮው ማሽን ላይ መስመር ተቋርጦ የጠፋ ነገር የለም፤ የሚቋረጥ መስመርም አልነበረውም።

አስተማሪዋ ከሄደች በኋላ ሚጢጢና ወንድምጋሼ ቀሩ። ሚጢጢ ሌላ የኢንተርኔት መስመር ስለ ማስገባት፣ ስለ ሌላ ሰርቨር ታወራለች። ወንድምጋሼ ዳቦ እየቆረሰ ያዳምጣል።

"መብራት ሲጠፋ ምን እናደርግ ነበር?" አላት በመካከሉ።

"የት?"

"አጎት ቤት። መብራት እየጠፋ የሞላነው ሁሉ ሲጠፋብንና እትዬ ስትቆጣ።"

አሰበች። "እያንዳንዷ ቁጥር እንደተሞላች ዲስኩ ላይ እንዲጽፋት አደረግን። ሁሉም እስኪያልቅ አንጠብቅም ነበር።"

"ታዲያ ብሮውዘሩ ኪስ የለውም?"

ኪስስ አለው፤ ትንሽ ማስቀመጫ። ሚጢጢ ግንባሯን መታችና ኮምፒውተሯን ከፈተች። እሷ ስትጽፍ እሱ ከኋላዋ ቆመ። የተሞላው ሁሉ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ወዲያው እንዲቀመጥ፣ መስመር ሲመለስ ደግሞ ራሱ ወደ ሰርቨሩ እንዲሄድ አደረገችው። ሲያልቅ መሞከሪያ እግር አስፈለገ።

"አውልቅ" አለችው።

"የኔን? ይሸታል።"

"ከማስቲሽ አይብስም።"

ሳንቃው ላይ ቆመላት። ሚጢጢ ተንበርክካ ሜትሩን በእግሩ ዙሪያ ጠመጠመች። የወንድሟ እግር አርጅቷል፤ የደም ሥሩ ተገታትሯል፣ ትንሹ ጣቱ በጎኑ ተኝቷል። ልጅ ሳሉ ወንዝ ሲሻገሩ የታዘለችበት ጀርባ ትዝ አላት፤ ውኃው ውስጥ ድንጋዩን እየዳሰሰ የሚሄደው ይህ እግር ነበር። ቁጥሩን ጠራች፣ ጻፈች፣ ሌላውን ለካች።

"አሁን ንቀለው" አለች። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለ። ገጹን ዘግታ ከፈተችው፤ ልኬቱ አለ። ማሽኑን አጥፍታ አበራችው፤ አለ። "ሰካው።" ሰካው። ገጹ ጥግ ላይ "ተልኳል" የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

ጥቂት ቆይቶ ስልኳ ጮኸ። ቆራጩ ነው።

"ሚጢጢ፣ አሁን የመጣው የማን እግር ነው? ቀኙ እኮ ወደ ውጭ እንደ አካፋ ተከፍቷል።"

"የወንድምጋሼ ነው።"

"እህ። ታዲያ ልቁረጥለት?"

ወንድምጋሼ ከወዲያ ሆኖ፣ "ቁረጥ! ቡኒ ይሁን!" ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ደህና ሠርቷል። ፕሪንተሩ አልፎ አልፎ ያምፃል፣ አንድ ጊዜም ቅርንጫፉ ላይ ያለችው ሴት የይለፍ ቃሏን ረስታ ግማሽ ቀን ተዘግቶባት ነበር፤ ሌላው ግን ሰላም ነው። በዚያ ከተማ አንድ ነገር ሲበላሽ የሚጠራው ወንድምጋሼ ሆኗል። ቅባታም እጁን በጨርቅ ጠርጎ መንገዱን ይሻገራል፤ ያልገባውን ለሚጢጢ ይደውላል። መጀመሪያ የሚደውለው ለሥራ ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ስልኳ ጮኸ፤ ስሙን ስታይ ደነገጠች።

"ምን ተበላሸ?" አለችው።

"ምንም አልተበላሸም" አለ። "ሱቁን ዘግቼ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ። አየሩ ደስ ይላል። አንቺ ጋስ?"

ሚጢጢ የልብስ መቆንጠጫውን አስቀመጠችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እርጥቡ ልብስ ጭኗ ላይ እንዳለ ትነግረው ጀመር።